የጥምቀት ውሃና የውድድር ሜዳ

ከአገር ወጥቼ ፓርክ ሂል በተባለ ሰፈር የአንድ ቤት ምድር ቤት ተከራይቼ መኖር በጀመርሁበት ዘመን፣ በጎረቤቴ ግቢ ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነ ነገር ነበር። ጎረቤቴ ያን ጊዜ አርባ ዓመት የሞላው፣ የዚሁ አገር ተወላጅ ጎልማሳ ነበር። ሥራው የከባድ መኪና ሜካኒክነት ሲሆን፣ እኔ ዝም ባልሁ መጠን የእርሱ ጨዋታ ይበረታ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሸራውን ሲገልጠው በር የሌላት፣ መብራት የሌላት፣ የፊት መስታወት የሌላት፣ አንድ ሰው ብቻ ተጨናንቆ የሚቀመጥባት መኪና ብቅ አለች።

«የሞተር ማስነሻዋ የት ነው?» አልሁት።

«የላትም። ሌላ መኪና ከኋላ እየገፋ ያስነሣታል።»

«ማርሽስ?»

«አንድ ብቻ። ወደፊት።»

«ማቆም ስትፈልግስ?»

«ፕሮፌሰር፣ ስለ መቆም የሚጠይቅ ሰው ወደ ውድድር አይወሰድም» ብሎ ሳቀብኝ፤ ወሰደኝም።

ፕሮፌሰር አልነበርሁም። አገር ቤት የታሪክ መምህር፣ እዚህ ደግሞ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የተመለሱ መጻሕፍትን በየመደርደሪያቸው የማስቀምጥ ሠራተኛ ነበርሁ። እርሱ ግን ዝምታዬን ለሊቅነት ቆጠረልኝ። በስብሰባ ላይ የተነገረች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሰውን ከቤቱ አውጥታ ስታስቀር ያየሁበት ዘመን አለ፤ ዝምታን የያዝሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ አልጽፍም።

የውድድሩ ስፍራ በከተማው ዳርቻ ነበር። ሞላላ ቀለበት ሆኖ የተሠራ መንገድ ነው፤ የተነጠፈበትም አስፋልት ሳይሆን ሸክላ አፈር ነው። በዙሪያው የእንጨት መቀመጫዎች፣ በመቀመጫዎቹና በመንገዱ መካከል ደግሞ ከፍ ያለ የሽቦ አጥር ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የውሃ ቦቴ በቀለበቱ ላይ እየተንፏቀቀ አፈሩን ሲያጠጣ ረጅም ጊዜ ቆየ። ተመልካቹ ይህን በትዕግሥት፣ ይልቁንም በአክብሮት ይመለከት ነበር። ምክንያቱን የተረዳሁት ኋላ ነው። አፈሩ በልኩ ካልጠጣ አቧራው ሹፌሮቹንም ተመልካቹንም ያሳውራል፤ ከመጠን በላይ ከጠጣ ደግሞ ሜዳው ረግረግ ይሆናል።

ፀሐይ ወደ ተራሮቹ ስታዘቀዝቅ ፒክአፖቹ ትንንሾቹን መኪኖች ከኋላ እየገፉ አንድ በአንድ አስነሧቸው። የማስጀመሪያው ባንዲራ ተውለበለበ። ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን በቃል ለማስቀመጥ ደጋግሜ ሞክሬአለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ድምፁ በጆሮ የሚገባ አልነበረም፤ የደረትን አጥንት ይዞ የሚነቀንቅ ነበር። መኪኖቹ ወደ ግራ የሚታጠፈው ጥግ ላይ ሲደርሱ ሹፌሮቹ መሪያቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ። የተገለበጡ መሰለኝና ብድግ አልሁ። አልተገለበጡም። የኋላ ጎማቸው ወደ ውጭ ተንሸራትቶ፣ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ዞሮ፣ በጎናቸው እየተንሳፈፉ ጥጉን አለፉት፤ ወዲያው ተቃንተው በረሩ። እስከዚያች ዕለት ድረስ ሰው ሚዛኑን በፈቃዱ እየለቀቀ ሚዛኑን ሊጠብቅ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ብዙ መጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ ይህ ግን በየትኛውም ውስጥ አልነበረም።

ከጎማዎቹ የሚፈናጠረው እርጥብ ጭቃ ሽቦውን አልፎ እኛ ዘንድ ይደርስ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች አሮጊት ሴት ይህን አስቀድማ ታውቃለችና ፊቷን በጋዜጣ ከልላለች። ጋዜጣውን ለሁለት ቀድዳ ግማሹን ሰጠችኝ። ቃል አልተለዋወጥንም፤ ብንለዋወጥም አንሰማማም። ከዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ዝም ማለቴ እንደ ጉድለት ያልተቆጠረበት የመጀመሪያው ስፍራ ያ ነበር።

ውድድሩ አብቅቶ ጎረቤቴ ከመኪናዋ ሲወርድ ፊቱ በሙሉ ጭቃ ነበር፤ መነጽሩን ሲያወልቅ ሁለት ነጫጭ ክቦች ብቻ ታዩ።

«ስንተኛ ወጣህ?» አልሁት።

«ሙሉ ሆኜ ወጣሁ» አለ። «እጄን ቁጠር፣ እግሬን ቁጠር። ሙሉ ነው።»

ከዚያ በኋላ የዚህ አገር በጋ በመጣ ቁጥር ቅዳሜን ከእርሱ ጋር አሳለፍሁ። ሜዳው ሲዘጋ ሁለታችንም አጥሩ ድረስ ሄደን ቆመን ተመለስን። ከዚያም እርሱ መንዳቱን ትቶ፣ ርቀው በሚገኙ የገጠር ከተሞች ያሉ ሜዳዎችን እየፈለግን ብዙ መንገድ እንነዳ ጀመር። አሁን እርሱ ሰማንያን ተሻግሯል። ወገቡ ረጅም ጉዞ አይችልም፤ ሐኪሞቹም ስለ ልቡ የነገሩትን አንድ ጊዜ ብቻ ነግሮኝ ርእሱን ቀይሯል። የቀድሞ ሹፌሮች ተሰባስበው ከኦሮራ ከተማ በስተ ምሥራቅ አዲስ ሜዳ የሚሠሩበት መሬት መፈለግ ሲጀምሩ፣ ከሁሉ ይልቅ የቸኮለው እርሱ ነበር።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ «ሜዳው ለልጆቹ ነው የምለው ውሸቴን ነው» አለኝ። «ለራሴ ነው። ውሃ የጠጣ ሸክላ አንድ ጊዜ ይሽተተኝ፣ ፕሮፌሰር። ከዚያ እንደ ፈለገ ይሁን።»

በዚያው ዓመት ደብራችንም መሬት ይፈልግ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው አሮጌው የከተማው ክፍል፣ ቀድሞ የምንጣፍ መሸጫ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ናት። ጥር በመጣ ቁጥር ታቦታችን የሚያድርበት ሜዳ የለንም። ከሃቫና ስትሪት ራቅ ብሎ ካለ መናፈሻ ፈቃድ ለምነን፣ ሕፃናት የሚዋኙባትን የፕላስቲክ ገንዳ ነፍተን፣ በጎማ ቧንቧ ሞልተን ባሕረ ጥምቀት እንላታለን። አንድ ዓመት ገንዳዋ በከተራ ተቀድዳ ውሃው በበረዶው ላይ ፈሰሰ። ሳቅን፤ ሳቁ ግን አንጀት የሚበላ ሳቅ ነበር።

የመሬት ፈላጊው ኮሚቴ አባል ነኝ። ለዓመታት እጄን በማውጣት ብቻ ተሳትፌአለሁ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደላላው በስልክ ስለ አንድ ሰፊ መሬት ሲነግረን በአዳራሹ ተሰብስበን ነበር። ባለቤቱ ከፋፍሎ አይሸጥም፤ ለእኛ ብቻ ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው።

«ሌላም ገዢ አለ» አለ ደላላው። «የመኪና ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ናቸው። እነሱም ብቻቸውን አይችሉትም። ግን እየተሯሯጡ ነው።»

ደላላው ይህን ሲል የማን ተስፋ ከማን ተስፋ ጋር እንደ ተጋጠመ ከተሰብሳቢው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

«በስመ አብ!» አለች በሆስፒታል ነርስ የሆነችው የኮሚቴው ጸሐፊ። «እኛ እግዚኦ ስንል እነሱ ከጎናችን ቩም ሊሉ? ቶሎ ፋንድሬዝ አድርገን፣ ገንዘቡን ሰብስበን እንቅደማቸው እንጂ!»

አዳራሹ ሳቀ። አስተዳዳሪያችን፣ በዕድሜ ከእኔ እጅግ የሚያንሱ ቄስ፣ እጅ እንድናወጣ ሊጠይቁ ቀና አሉ። እጄን ባወጣ ጎረቤቴን፣ ባላወጣ ደብሬን አጣለሁ። ልቤ እንደዚያ ዘመን መምታት ጀመረ።

«አባታችን፣ አንድ ነገር ልናገር» አልሁ።

«ኧረ ጉድ! ጋሼ መናገር ይችላሉ እንዴ?» አለች ጸሐፊዋ። «ዛሬ በረዶ ሳይጥል አይቀርም!»

«ጃን ሜዳ ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የጥምቀት ሜዳ ነዋ።»

«በጥር ነው። በቀረው ወርስ?»

አስተዳዳሪው ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «ፈረስ ይሮጥበታል» አሉ ቀስ ብለው። «ጉግስም ይጫወቱበት ነበር። አባቴ ያወሩን ነበር።»

«ፈረስ ሮጦበታል ተብሎ ታቦት ሳይወርድ የቀረበት ዓመት ነበር?»

የጀመርሁትን ልጨርስ ብዬ ቀጠልሁ። ሞተሮቹ ከሚያዝያ እስከ መስከረም እንደሚሮጡ፣ በጥር ግን በሸራ ተሸፍነው እንደሚተኙ ነገርኋቸው። የሚሮጡትም ቅዳሜ ወደ ማታ እንጂ እሑድ ጠዋት አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን መንገዱ ሸክላ ስለሆነ ውሃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ኩሬ ሊቆፍሩ ነው።

«ኩሬ?» አሉ አስተዳዳሪው። ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ። «እውነተኛ ኩሬ? በመሬት ላይ ያለ?»

«በመሬት ላይ ያለ።»

«ሰፊ ነው?»

«አባታችን፣ ገና አልተቆፈረም እኮ!» አለች ጸሐፊዋ፤ ቀጥላም ወደ እኔ ዞረች። «ቆይ ግን ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ከየት አወቁት?»

ነገርኋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምውል በዚያ አዳራሽ ማንም አያውቅም ነበር።

«እኛ ደግሞ ዳዊት ሲደግሙ የሚውሉ መስሎን!» አለች። ከሳቁት ሁሉ ከፍ ብለው የሳቁት አስተዳዳሪው ነበሩ።

ጎረቤቴንና አስተዳዳሪውን በመሬቱ ላይ አገናኘኋቸው። ከጥግ እስከ ጥግ ሣር ብቻ ነው፤ ነፋሱ አያርፍም፤ ፍልፈሎቹ ከየጉድጓዳቸው ብቅ እያሉ ይቆጡናል። አስተዳዳሪው ጥቁር ቀሚሳቸው እየተውለበለበ በአንድ እጃቸው ቆባቸውን ይዘዋል። ጎረቤቴ በእኔ ትከሻ ተደግፎ በብዙ ጭንቅ ተንበረከከ። ሣሩን ገልጦ አፈር ዘገነ፤ ከያዘው ጠርሙስ ውሃ ጠብ አደረገበትና በመዳፉ ያድቦለቡለው ጀመር። ቄሱ አጎንብሰው ያዩት ነበር።

«ለበዓላችሁ ሰዉን ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ?» ሲል ጠየቃቸው።

«አንነክረውም። ውሃው ይባረክና በሕዝቡ ላይ ይረጫል።»

ጎረቤቴ ያድቦለቦለውን ጭቃ በሁለት ጣቶቹ ጨመቀው። «እኛም መሬቱ ላይ እንረጨዋለን» አለ። «ቦቴውን እጁ ያልተባረከ ሰው ከያዘው ሜዳው ይበላሻል። በዓላችሁ በጥር ነው አይደል? የኩሬውን በረዶ ማን ይሰብርላችኋል?»

«እስካሁን የሚሰበር ነገር አልነበረንም» አሉ አስተዳዳሪው።

«እንግዲህ እሱን ለኔ ተዉት።»

ከዚያ ጎረቤቴ በከዘራው ሣሩ ላይ እያመለከተ ቀለበቱ የት የት እንደሚያልፍ ያሳይ ጀመር። አስተዳዳሪው አብረውት ይራመዱ ነበር፤ በየመካከሉ ቆም እያሉ ምሥራቅን በዓይናቸው ይፈልጋሉ፤ የመቅደሱ ቦታ የሚወሰነው በዚያ ነውና። አንዱ የመጀመሪያውን መታጠፊያ፣ ሌላው የቅድስተ ቅዱሳኑን አቅጣጫ በባዶ ሣር ላይ ሲያይ ተመለከትሁ። ከጀርባቸው ተራሮቹ ቆመዋል። የማላየውን ነገር ሁለቱም ያዩት ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ እኔም ያየሁት መሰለኝ።

ሁለቱ ወገኖች መሬቱን በአንድነት ሊገዙ ተስማሙ። የቀረው የከተማው ምክር ቤት ፈቃድ ነበር። በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች ስለ ድምፁ ተቃውሞ አቅርበዋል፤ ስለዚህ በሕዝብ ፊት ቀርቦ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ጎረቤቴም አስተዳዳሪውም ሳይማከሩ ወደ እኔ ተመለከቱ።

ባለፈው ኅዳር በምክር ቤቱ አዳራሽ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ቆምሁ። የአትሮንሱን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝሁ። ከመናገሬ በፊት የተናገሩት የአካባቢው ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ የሚተኙበት ጸጥታ የሚያሳስባቸው ሰዎች ናቸው፤ ይህንንም አልሁ። ጸጥታን እንደማውቀው፣ ዕድሜዬን ሁሉ የኖርሁበት መሆኑን ነገርኋቸው። ከዚያም ሰው አብሮ ሆኖ የሚደነቅበት ስፍራ ከሌለው ጸጥታው ዕረፍት መሆኑ ቀርቶ ብቸኝነት እንደሚሆን፣ እኛም አንዱን ሜዳ ለሁለት ዓይነት መደነቅ እንደምንለምን ተናገርሁ።

ፈቃዱ ተሰጠ፤ ሞተር እሑድ እንዳይነሣ፣ ቅዳሜም ከተወሰነ ሰዓት እንዳያልፍ የሚሉ ግዴታዎች ተጨምረውበት ነው። አስተዳዳሪው አቅፈው ሳሙኝ፤ ጸሐፊዋ እልል አለችና አዳራሹ ዞሮ አያት። ጎረቤቴ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ፈገግ እንዳለ ነበር።

መኪናዬን ፓርክ ወዳደረግሁበት ስንደርስ ክንዴን ያዘኝ። «አሁን ንገረኝ፤ ምን አልካቸው?»

«አልሰማህም?»

«ከሞተሩ የተረፈኝ ጆሮ ይኸ ነው። ጆሮዬ ላይ የምሰካው መስሚያ ደግሞ ዛሬ ባትሪው ሞተብኝ። ሰዉ ሲያጨበጭብ አጨበጨብኩ።»

እንግዲህ በዚያ ቅዝቃዜ፣ በመኪኖቹ መካከል ቆሜ የተናገርሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀመርሁለት። ወደ ጆሮው ተጠግቼ ጮኽሁ። ወደ መኪናቸው የሚሄዱ ሰዎች ቆመው ያዩን ነበር፤ አላቋረጥሁም። እስኪያልቅ ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

«ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን ትንሽ ረዘመ። ኩሬው መቼ ነው የሚቆፈረው?»

«መሬቱ ከውርጭ ሲላቀቅ!»

«እንግዲያው ይህን የበረዶ ክረምት መክረም አለብኝ» አለና በሩን ከፍቶ፣ ወገቡን ይዞ ገባ፤ የወንበሩንም ቀበቶ አሰረ።