ባዶውን ቁጥር ነው ይላል

ከዲላ ልወጣ በዋዜማው ምሽት እናቴ ቆጮ ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ እየከተተች «አይዞሽ፣ ቤቲ እዚያ አለችልሽ» አለችኝ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ የምሄደው ቤቲ ስላለች ሳይሆን ቤቲ ስለቀደመችኝ ነበር።

ቤቲ የይርጋጨፌ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር አብረን ተምረናል። ለፈተና የማስጠናት እኔ ነበርኩ፤ ናይሮቢ ድረ ገጽ የመሥራት ሥራ ያገኘችው ግን እሷ።

ሞያሌ ላይ ፓስፖርቴን ያየው ሰውዬ «ለምን ትሄጃለሽ?» አለኝ።

«ጓደኛዬን ልጠይቅ።»

«ትዋደዳላችሁ?»

«እሷስ ትወደኛለች።»

ናይሮቢ ኡጋሊ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ቅቤና በርበሬ የተነፈገው ገንፎ በሉት። እኔ ምግብ ቤት ሰሃን ሳጥብ ቤቲ ላፕቶፗን አንግታ ትወጣለች። ያረፍኩት እሷ ክፍል ነው፤ አከራይዋም አንድ ቀን መጥቶ በእንግሊዝኛ «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አለኝ።

«እንግዳ ነኝ።»

«እንግዳ ልብሱን አጥቦ ገመዴ ላይ አያሰጣም!»

ቤቲ ሳቀች። እኔን አላሳቀኝም።

አንድ እሁድ ከሰዓት «መሲ፣ ነገ የማስረክበው ነው፤ እስቲ እይልኝ» ብላ ላፕቶፑን ሰጠችኝ። ለሕፃናት ክሊኒክ የሠራችው ገጽ ነው፤ ነርሷ የልጁን ክብደት ስትሞላ የመድኃኒቱን መጠን ያሰላል። ፊደል ጻፍኩበት፤ «ቁጥር ያስገቡ» አለኝ። የክብደቱን ሳጥን ባዶ ትቼ «አስላ» የሚለውን ተጫንኩ፤ «መጠን፦ ዜሮ» ብሎ አለፈ።

ወዲያው ገባኝ። የፈተሸችው ኢዝናን በሚባለው፣ የተጻፈው ቁጥር አለመሆኑን በሚለየው ትእዛዝ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ባዶውን ሳጥን እንደ ዜሮ ይወስደዋል፤ ዜሮ ቁጥር ነውና ያሳልፈዋል።

ዝም ብል ነገ ሰው ፊት ታፍራለች። ይህን ሳስብ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ግን ክብደቱ ሳይሞላለት የቀረ፣ ትኩሳት ያቃጠለው ሕፃን ታየኝ።

«ቤቲ፣ ይሄ ገጽሽ ባዶውን ቁጥር ነው ይላል።»

«እንዴ! ኢዝናን አድርጌበታለሁ እኮ!»

«አይበቃም። መጀመሪያ ባዶ አለመሆኑን አረጋግጪ፤ ከዜሮ በላይ መሆኑንም።»

አስተካከለችውና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ተንኮል አታውቅም፤ የሚያበግነኝም ይሄው ነው። ለአለቃዋም ስሜን ነግራዋለች፤ «አንድ ቀን ይዘሻት ነይ» ብሏል። ያ አንድ ቀን እስካሁን አልመጣም።

በሳምንቱ እናቴ ደወለች። «መሲዬ፣ የቤቲ እናት ዛሬ ከይርጋጨፌ መጥታ እኛ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሰጠች! ልጄ ለሕፃናት ሐኪም ቤት ኮምፒውተር ላይ ሠራች ብላ። እልል አልንላት።»

«እሰይ፣ እማ።»

«አንቺስ የኔ ልጅ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

ቤቲ አጠገቤ ተቀምጣ ፈገግ ብላ ታየኛለች።

«እማ» አልኳት፣ «የጓሯችን ቡና መቅላት ጀመረ?»