የጃርሶን ጉልበት የለካሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህችን እየዘለልኩ ዓመታት አለፉ። የዘለልኳት ረስቼ አይደለም፤ ስም ስላጣሁላት ነው። አልሰረቅሁም። አልዋሸሁም። በማንም ላይ እጄን አላነሳሁም። እንዲያውም እውነቱን ተናገርኩ፣ ሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ። ታዲያ የቱን ኃጢአት ልናዘዝ?

እናንተ ፍረዱ። የሠራሁት ይህ ነው፦ ለጃርሶ ጉልበቱ ላይ የሚያስረውን ድጋፍ ትክክለኛ ልክ ነገርኩት፤ ግን እንዳይቀበለኝ አድርጌ ነገርኩት። ሳላውቅ አይደለም። እንዳይቀበለኝ ፈልጌ ነው።

ያኔ ነገሌ ውስጥ የአንድ የእንስሳት ጤና ፕሮጀክት ሞተር ሳይክሎች ጠጋኝ ነበርኩ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ከመመሪያ መጻሕፍት፣ ከስልክ፣ ይበልጡን ደግሞ ከተበላሹ ሞተሮች ነው የተማርኩት። የእያንዳንዱን ብሎን ማጥበቂያ ልክ በደብተር የምጽፍ ሰው ነኝ። ስድስት ጋላቢዎች ነበሩን። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ጭነው ወደ መልካ ጉባና ወደ ፊልቱ ቆላ ይወርዳሉ፤ ፍየልና ግመል ከትበው በሳምንቱ ይመለሳሉ። የሚሄዱበት አብዛኛው መንገድ አይባልም። ልቅ ድንጋይ ነው፤ ቀጥሎ የደረቀ ወንዝ አሸዋ፤ ቀጥሎ እንደገና ድንጋይ። ጋላቢው ሚዛኑን ሲስት እግሩን መሬት ይሰዳል፤ እግሩ ድንጋይ መሃል ይቀረቀራል፤ ሞተሩ ግን መዞሩን አያቆምም። በመሃል ያለው ጉልበት ነው።

ጃርሶ ከስድስቱ አንጋፋው ነበር። ረጅም ነው፤ ሰፊ ሱሪ ይለብሳል፤ ድምፁ ከሞተሩ ቀድሞ ግቢ ይገባል። "አካም! ናጋ?" እያለ ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉንም በሰላምታ ያዳርሳል። እኔ ጋ ሲደርስ "ኢንጂነር፣ ዛሬስ አፍህን ከፈትክ ወይስ ቁልፉ ገና አልተገኘም?" ይላል። ሰው ይስቃል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ካርቡራተሬን እጠርጋለሁ።

በዚህ ብቻ አልጠላሁትም። አንድ የጋላቢ ቦታ ተከፍቶ ነበር። ቦታውን እንዴት እንደፈለግሁት ልነግራችሁ አልችልም። ሞተር እነዳለሁ፤ መርፌ መውጋት ተምሬያለሁ፤ መንገዱን በካርታ አጥንቼዋለሁ። ማመልከቻዬን ይዤ አስተባባሪያችን አቶ ሑሴን ፊት ስቆም ጃርሶ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ አቶ ሑሴንም አስተያየቱን ጠየቀው።

"እጅ አለው፣ አልዋሽም" አለ ጃርሶ። "አፍ ግን አልፈጠረለትም። የቆላ ሰው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ሳትጠይቀው ፍየሉን አያስይዝህም። ይሄ ሄዶ ከፍየሏ ጋር ተፋጦ ውሎ ይመለሳል።"

አቶ ሑሴን ሳቀ። ጸሐፊዋም ሳቀች። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይበልጥ ያንገበገበኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ጃርሶ ልክ ነበር። ጥላቻዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕለት ዕለት እንደሚቀባ ሰንሰለት ነበር፤ አንድም ቀን እንዲዝግ አልተውኩትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከውጭ አገር በልግስና አንድ ካርቶን መጣ። ውስጡ ያገለገሉ የጉልበት ድጋፎች ነበሩ፤ ከጭን እስከ ቅልጥም የሚታሰሩ፣ በሁለቱ ጎን ማጠፊያ ያላቸው። ብዙ ሰው ገበያ ላይ ከሚሸጠው የፕላስቲክ ጉልበት መሸፈኛ ጋር ያምታታቸዋል። ያኛው ጉልበትን ከመቧጠጥ ያድናል እንጂ ከመጠምዘዝ አያድንም። ይህኛው ጉልበት ወደ ጎን እንዳይዞርና ወደ ኋላ አልፎ እንዳይዘረጋ ይይዛል፤ ግን በልኩ ከሆነ ብቻ። አቶ ሑሴን "አንተ አጥንተህ አድል" አለኝ። ሦስት ቀን አጠናሁ። ከጉልበት መሃል አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ወደ ላይ ጭኑ ይለካል፤ አሥራ አምስት ወደ ታች ባቱ ይለካል፤ ሁለቱም በባዶ ገላ እንጂ በሱሪ ላይ አይለኩም። ማጠፊያው ከጉልበቱ መሃል ጋር ትክክል መቆም አለበት። ሰፊ ከሆነ ማሰሪያውን የቱንም ያህል ብታጠብቀው ጠንካራው የድጋፉ ቅርፊት አጥንቱን አይጨብጥም፤ ይወርዳል። ማጠፊያው ቅልጥም ላይ ሲያርፍ ድጋፍ መሆኑ ይቀርና መፈልቀቂያ ይሆናል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ከነገሌ እስከ ሻኪሶ ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

በእኛ አገር ሰው ጭኑን ግቢ መሃል አይገልጥም። ስለዚህ ስድስቱን ዕቃ ቤት ውስጥ በር ዘግቼ አንድ በአንድ ለካኋቸው። አራቱ መካከለኛ ሆኑ። ገልገሎ የሚባለው ዝምተኛ ጋላቢና ጃርሶ ግን እግራቸው ቀጭን ነበር። ያ ሰፊ ሱሪ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ጥንዶች ስለነበሩ ለሁለቱም ይበቃል፤ ለማንም ያልሆነ አንድ ትልቅ ጥንድም ተርፏል።

ትናንሾቹ የተሠሩት ለሴት ጋላቢዎች ነበር። በእያንዳንዳቸው ላይ ፀጉሯን የለቀቀች ልጅ ሞተር ስትነዳ የሚያሳይ ሮዝ ሥዕል ተለጥፏል። የገልገሎን ጥንድ ወስጄ ሥዕሉን በምላጭ ፋቅሁት፤ ሙጫውን በቤንዚን ጠረግሁት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ገልገሎ እንዳያፍር ብዬ ነው ያደረግሁት። ቀጥዬ የጃርሶን ጥንድ አነሳሁ። አየሁት። መልሼ አስቀመጥኩት። ምላጩ ገና እጄ ላይ ነበር።

ያን ምላጭ ያስቀመጥኩበትን ቅጽበት ነው የምናዘዘው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከእሱ የተወለደ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጋላቢዎቹ በረዶ ለመጫን ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ዘበኛው አለ፣ ጸሐፊዋ አለች፣ በረዶ ያመጡት ሰዎች አሉ። ለሌሎቹ ድጋፋቸውን ዝም ብዬ በእጃቸው ሰጠሁ። ጃርሶ ላይ ስደርስ ግን ድምፄን አነሳሁ። በሕይወቴ ያን ያህል ጮኼ አላውቅም።

"ጃርሶ፣ ጭንህ አርባ አራት ሴንቲ ነው። ያንተ የሴቶቹ ነው።" ሥዕሉንም ወደ ሰዉ አዞርኩት።

ሳቁ ከአጥር እስከ አጥር ሞላ። ጃርሶም ሳቀ፤ ከጆሮው ሥር ግን ሲጠቁር አየሁ። "ሚስቴ ሞተር አትነዳም" አለ። "ስትጀምር መጥታ ትወስዳለች።" ካርቶኑ ውስጥ እጁን ሰዶ ትልቁን ጥንድ አወጣና በሱሪው ላይ አሰረው። "የወንድ ጉልበት ይሄን ነው የሚለብሰው። አይደለም እንዴ?"

እኔም መናገር የሚገባኝን ሁሉ ተናገርኩ። "ይሰፋሃል። ይወርዳል። ስትወድቅ ቅልጥምህን ይሰብረዋል።" አንድ ቃል አላጎደልኩም፤ ሁሉም ሰሙ። ባጠነከርኩት ቁጥር ትልቁን ጥንድ እንደማይመልሰው አውቅ ነበር፤ ስለዚህ አጠነከርኩት። ከዚያ የዕቃ መረከቢያው ቅጽ ላይ አስፈረምኩትና ከፊርማው ጎን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩ፦ "ልኩ ትንሽ መሆኑ ተነግሮት በራሱ ምርጫ ትልቁን ወስዷል።"

በዚህ ቢያበቃ ምናልባት የአንድ ጠዋት ቂም ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር። አላበቃም። በሦስተኛው ሳምንት ጃርሶ ሰው በሌለበት ወደ ጥገናው ቦታ መጣ። አልቀለደም። ጎንበስ ብሎ ድጋፉን ወደ ላይ ሳበና "ይሄ ነገር እየወረደ አስቸገረኝ፣ ወንድሜ። ምን ይሻላል?" አለኝ።

ወንድሜ አለኝ። ከአሮጌ ወንበር የተረፈ ስፖንጅ መደርደሪያዬ ላይ ነበር፤ ውስጡን ባለብሰው ይሻለው ነበር። ትንሹም ጥንድ እዚያው ነበር፤ ሥዕሉን ፍቄ ብሰጠው ማንም አያይም። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። እኔ ምን አልኩ? ቀና ሳልል "ነግሬሃለሁ" አልኩት። ከዚያ የእርምጃውን ድምፅ ሰማሁ። ልጠራው አፌን መክፈት ብቻ ነበረብኝ። አልከፈትኩም።

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን አልሞላም። ወደ ዳዋ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ወደቀ። ፍየል የጫነ የአይሱዙ ሾፌር ወድቆ አገኘው። ሲያመጡት እኔም የግቢው በር ላይ ነበርኩ። ሱሪው ተቀዶ ነበርና መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ማጠፊያው ላይ ነው፤ ከጉልበቱ አራት ጣት ወርዶ ቅልጥሙ ላይ ተቀምጧል። እንዳልኩት ነው የሆነው። እውነቱን ልናገር ብዬ ከጀመርኩ ይህንንም ልናገር፦ በዚያ ሰዓት መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "ልክ ነበርኩ" የሚል ነው። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ያቃስታል፤ እኔ ስለ ልክነቴ አስባለሁ።

ሐዋሳ ወሰዱት። የቅልጥሙ ራስ ተሰብሯል፣ ጅማቱ ተበጥሷል ተባለ። በዱላ ተመለሰ፤ ኋላ ዱላውን ጣለ፤ ጉልበቱ ግን መታጠፍ እንደነበረበት አይታጠፍም። ትንሹን አድርጎ ቢሆን ይተርፍ ነበር? አላውቅም። ድጋፍ ያደረገም ሰው እግሩ ይሰበራል። ግን በዚህ "አላውቅም" ሥር እንድደበቅ አትፍቀዱልኝ። ያለማወቄ ከምላጩ በኋላ የመጣ ነው፤ ምላጩን ያስቀመጥኩት ግን አውቄ ነው።

ማንም አልወቀሰኝም። አቶ ሑሴን መረከቢያውን አውጥቶ የጻፍኩትን ለሁሉም አነበበ። "ልጁ ነግሮታል" አሉ። ገልገሎ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "አንተ ምን ታደርግ" አለኝ። ጃርሶን ሁሉም "ግትር" አሉት። የጃርሶም ቦታ ለእኔ ተሰጠ። አዎ፣ ወሰድኩት። ዛሬ ቆላ የምወርደው እኔ ነኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ የምጠይቅበትን ሰላምታ ቃል በቃል የቀዳሁት ከእሱ ነው። ሽማግሌዎቹ "ያ ጃርሶ እንዴት ነው?" ይሉኛል። "ደኅና ነው" እላለሁ። ቃለ አባይ መሆን የጀመርኩትም ያኔ ነው።

ጃርሶ አሁን ወደ ዋደራ በሚወጣው መንገድ ዳር ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሸጣል። አዲስ ሞተር የያዘ ጎረምሳ ባየ ቁጥር ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ጠባሳውን ያሳየዋል። "ያን ልጅ ሂድና አማክረው" ይለዋል። "እኔ ነግሮኝ እምቢ ብዬ ነው።" እነሱም ይመጣሉ። እለካቸዋለሁ።

ባለፈው ወር ልነግረው ሄድኩ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ "ኢንጂነር! ምነው እንደ ግብር ሰብሳቢ ቆምክ፣ ተቀመጥ እንጂ" አለ። ተቀመጥኩ። አፌን ልከፍት ስል ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ጃርሶ ቤንዚኑን እየቀዳ ለባጃጁ ነጂ "ይሄን ታውቀዋለህ? ሥራዬን የወሰደው ይሄ ነው" አለው። "አሁን እንኳ ግመሎቹ ናቸው የሚያናግሩት፤ ሰዉ ገና አልጀመረም።" ሰውየው ሳቀ። ጃርሶ እግሩን በእጁ እየሳበ ወደ መቀመጫው ሲመለስ ደስ አለኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ማነከሱን እያየሁ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ተነስቼ ሄድኩ።

ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ጥላቻውን ይጨርሳል፤ የእኔ እንዳላለቀ ባለፈው ወር አይቻለሁ። ተሰድቤ ነበር አልልም። ቦታዬን ከልክሎኝ ነበር አልልም። እሱ የነገረኝ እውነት ነበር፤ እኔም የነገርኩት እውነት ነበር። ልዩነቱ እሱ በእውነቱ ሳቀ፤ እኔ በእውነቱ እግሩን ሰበርኩ።

ሁለታችን ብቻ ሆነን ብነግረውም ማታለል ነው። እሱን ያዋረድኩት በሰው ፊት ነው፤ ንጹሕ ነህ የተባልኩትም በሰው ፊት ነው። ጃርሶን ለሰኞ ጠዋት ግቢ እንዲመጣ ልኬበታለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። በረዶው ሲጫን፣ ጋላቢዎቹም አቶ ሑሴንም ባሉበት፣ ይህን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አነበዋለሁ። የሞተሩን ቁልፍ ጃርሶ በፈረመበት መረከቢያ ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ በኋላ ተናጋሪው እሱ ነው።