ከተዘጋው ክፍል የመጡት

በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቢሮ የተዛዋሪ ተማሪዎችን ጉዳይ የምታየውን ሴትዮ ተማሪዎቹ «ኤክስሬይ» ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ እሷ ግን ሰምታዋለች፣ ሰምታም ደስ ብሏታል። ማንም ሰው ፊቷ ሲቀርብ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ ታደርግና ወደ ጎን ታስቀምጠዋለች። ከዚያ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ዝቅ አድርጋ ባለቤቱን ታየዋለች። «ወረቀት ማንም ያሠራል» ትላለች፤ «ፊት ግን ማተሚያ ቤት አይታተምም።»

በዚያ ዓመት የሁለተኛው መንፈቅ ምዝገባ ሲከፈት ነገር ሸተታት። ሌላ ጊዜ ተዛዋሪ የሚመጣው ከዚህም ከዚያም ነው፤ አንዱ ታሞ፣ አንዷ አግብታ፣ ሌላው የቤተሰቡ ኑሮ ተናግቶበት። አሁን ግን በሯ ላይ ከተሰለፉት አብዛኞቹ የመጡት ከአንድ ኮሌጅ፣ ያውም ከአንድ ክፍል ነው፤ ከኬሚስትሪ። ኮሌጁ ያለው የሦስት ሰዓት መንገድ በምትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። ኤክስሬይ ደግሞ ያንን ክፍል በደንብ አውቀዋለሁ ባይ ናት፤ አንድያ ልጇ እዚያው ኬሚስትሪ ታጠናለቻ። እሁድ እሁድ ልጅቷ ስትደውል ሁሉንም ትነግራታለች፤ ላብራቶሪው ቀለም እንደተቀባ፣ አንዱ መምህር ሙከራ እየሠራ እንደሚያፏጭ፣ ፈተና እንደከበዳት።

ስለዚህ ከተዛዋሪዎቹ የመጀመሪያዋን፣ ጠጉሯን በሻሽ ያሰረች አጭር ልጅ፣ አስገብታ አስቀመጠቻት።

«ለምንድን ነው የምትዛወሪው?»

«ክፍላችን ስለተዘጋ ነው።»

«መቼ?»

«አምና። መምህራኑ እየለቀቁ ሄዱ። የቀሩትንም ሌላ ቦታ መደቧቸው። እኛ ይኸው እስካሁን ቤት ቁጭ ብለን ነው የከረምነው።»

ኤክስሬይ ፈገግ አለች። ባልደረቦቿ ይቺን ፈገግታ ያውቋታል፤ ደግ ነገር አትከተላትም።

«ላብራቶሪ ውስጥ የሚያፏጭ መምህር ነበራችሁ?»

የልጅቷ ፊት በራ። «ያውቋቸዋል እንዴ? መጀመሪያ የለቀቁት እኮ እሳቸው ናቸው።»

«ባለፈው ሳምንት ሲያስተምር የነበረውን ሰውዬ አምና አሰናበትሽው?»

ልጅቷ ግራ ገባት። ለኤክስሬይ ይሄ በቂዋ ነበር። ወረቀቷን መለሰችላትና የዚያ ኮሌጅ ልጆች ጉዳይ ተጣርቶ እስኪያልቅ አንዳቸውም እንደማይመዘገቡ ነገረቻት። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ በመስታወቱ በኩል አየቻት። «ለቅሶም ይለመዳል» አለች በሆዷ።

አለቃዋ ጉዳዩን ሰምቶ መጣ። «ስለ መዘጋቱ ደብዳቤ ደርሶናል እኮ።»

«ደብዳቤውንስ ራሳቸው ጽፈውት ቢሆን?»

«አንቺ የራስሽንም ጥላ ትጠረጥሪያለሽ» ብሎ ትቷት ሄደ።

በማግስቱ ደግሞ ሌላ ገባ። ከጓደኞቹ በዕድሜ ጠና ያለ፣ ድምፁ ጎርነን ያለ ልጅ ነው። ኤክስሬይ ከባለ ሻሿ ልጅ ጋር ተመካክሮ እንደሚሆን ገምታ ጥያቄዋን አጣመመችበት። ስለ መዘጋቱ ምንም ሳታነሳ፣ ላብራቶሪው ምን ዓይነት ቀለም እንደተቀባ ጠየቀችው።

«ኧረ ምን ቀለም አለውና» አለ እየሳቀ። «ጣሪያው ካፈሰሰ ወዲህ በሩን በሰንሰለት አስረውታል። እኛ ሁላችን ወጣን። ከክፍላችን ዝውውር ያልጠየቀች አንዲት ልጅ ብቻ ናት።»

«እሷስ ምን ሆና?»

«እንጃ። ሳቂታ ነገር ናት። እንዲያውም እናቷ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ትሠራለች ሲባል ሰምቻለሁ። ምናልባት ያውቋት ይሆናል።»

ኤክስሬይ ክው አለች። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ መልሳ አደረገችው። «ሌላ ቀን ተመለስ» አለችው። ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት።

እሁድ ልጇ ደወለች። እናት እንደ ወትሮው ስለ ጤና፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ብርዱ ጠየቀች። ከዚያ እግረ መንገዷን እንደምታነሳ ሰው፣ «ያ የሚያፏጨው መምህራችሁስ ደህና ነው?» አለቻት።

«ደህና ነው። ዓርብ ዕለትማ ሲያፏጭ ብልቃጥ ሰብሮ አስቆን ነበር።»

እናትም አብራት ሳቀች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደ ድንጋይ ደረቀች። ስንቱን የሰው ልጅ ፊት ስታነብ ኖራ የራሷን ልጅ በድምፅ ብቻ አምናት እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ከዚያ ወዲያ ሐሳቧ ልጓም አጣ። ወንድ ይዛ ይሆናል። አርግዛ ይሆናል። ወልዳም ይሆናል። ከመጥፎ ሰዎች ጋር ገጥማስ ቢሆን? ባሏ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ምን ሆነሽ ቢላት «ራሴን አሞኝ ነው» አለችው። በቀጣዩ ዓርብ እሱ በማይነዳው መኪና ተሳፍራ ስትሄድም የታመመች ባልደረባ ልጠይቅ ነው ብላው ነበር።

ኮሌጁ ደርሳ የኬሚስትሪውን ሕንፃ ስታገኘው ሰንሰለቱ ዝጎ ነበር። በመስኮቱ አጮልቃ ብታይ ወንበሮች ተነባብረዋል፣ ግድግዳው በእርጥበት ተልጧል። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«የት ነሽ?»

«ክላስ ልገባ ነው፣ እማዬ። ማታ ልደውልልሽ?»

«ነይ እንግዲህ፤ እኔ በሩ ላይ ነኝ።»

ብዙም ሳይቆይ ልጇ በውጭው በር እየሮጠች መጣች። ቡትስ ጫማ፣ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ላስቲክ ሽርጥ አድርጋለች። እናት መጀመሪያ ያየችው ሆዷን ነው። ቀጥሎ የቀለበት ጣቷን። ሁለቱም ላይ ምንም የለም። ስታቅፋት ሽታዋ አፍንጫዋን ሰነፈጣት።

«ምንድን ነው የምትሸቺው?»

«ሳሙና ነው። ሳሙና ቤት ነው የምሠራው። እማዬ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነገረቻት። ክፍሉ ሲዘጋ ሁሉም ወደ እናቷ ዩኒቨርሲቲ እንዲዛወሩ ተነገራቸው። እሷ ግን ሁለት ኮርስ ወድቃ ስለነበር ነጥቧ ለዝውውር አይበቃም።

«ብመጣ ካንቺ ፊት መቀመጤ ነበር» አለች። «ወይ ትመልሽኛለሽ፣ ወይ ደብቀሽ ታሳልፊኛለሽ። የቱን ታደርጊ ነበር?»

ኤክስሬይ ጥያቄውን በጥያቄ መለሰች።

«እና ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ መዋሸት ተሻለሽ?»

«አንድ ጊዜ ጀመርኩት። ከዚያ በኋላ ማቆሚያው ጠፋኝ። አንቺ ደግሞ ስትጠይቂ አታፈናፍኚም።»

ልጅቷ ሥራ ቦታዋ ወሰደቻት። ከአንድ ግቢ ጀርባ ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ በርሜሎች፣ በእንጨት ቅርጽ የፈሰሰ ሳሙና፣ የሚያቃጥል ሽታ። ባለቤቲቱ ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። ኤክስሬይ ልጄን ከየት አገኟት፣ የት ነው የምታድረው፣ ሌላ ማን እዚህ ይሠራል እያለች ቁም ስቅላቸውን አሳየቻቸው። ሴትዮዋ ሁሉንም በትዕግሥት መለሱ። ሲያበቁ ግን፣ «እንደው ጥፋት ካለብኝ ንገሪኝና ልረፍ» አሏት። ልጅቷ ፊቷን አዙራ ሳቀች፤ እናቷ አልሳቀችም።

ማታ ቤት ስትገባ ለባሏ ሁሉንም ዘረገፈችለት። ጮክ ይላል፣ ጠረጴዛ ይመታል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ካልሲውን ማውለቁን ቀጠለ።

«አንተ ታውቅ ነበር» አለችው።

«በዚያ በኩል ሳልፍ ጎራ እላለሁ» አለ ሳያያት። «ራሷ ትንገርሽ ብዬ ነው።»

ለብዙ ቀን አላናገረችውም። በዚያን ሰሞን ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ።

ሰኞ ጠዋት ግን ከማንም ቀድማ ቢሮ ገብታ ሻሽ የምታስረውን ልጅና ያን ድምፀ ጎርናና ልጅ አስጠራቻቸው። የሁለቱንም፣ ከነሱም ጋር የመጡትን ሁሉ፣ ምዝገባ እዚያው አስጨረሰች። ልጅቷ ፈርታ አልቀመጥም አለች።

«ዋሽተሻል ያልኩሽ ተሳስቼ ነው» አለቻት። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ተጣርቶ ነው?»

«ተጣርቷል። ሄጄ አይቼዋለሁ።»

ልጇ ወደ ኬሚስትሪ አልተመለሰችም። የሳሙና ሥራውን ለምዳው እዚያው ቀረች፤ ለመማር ደግሞ አስባለሁ ትላለች፤ እናቷም ይህን «አስባለሁ» የሚል ቃል አጥብቃ ትጠራጠረዋለች። አሁን በየጊዜው ሄዳ ታያታለች። መምጫዋን አስቀድማ አትናገርም፤ የምትሳፈረውም ባሏ በማይነዳው አውቶቡስ ነው።