ቢጫው መኪና ጋ ወደ ግራ

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ የወጣሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ደብረ ዘይት ድረስ፣ እሱንም አውቶቡስ ውስጥ ተኝቼ። ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት የከፈትኩት ካርቶን ነው። አዲስ የልብስ ቁልፍ የሞላበት ካርቶን ሲከፈት የራሱ ሽታ አለው፤ የፕላስቲክ፣ የእርጥብ ወረቀት፣ ትንሽ ደግሞ የዝናብ። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩት። ቁልፎቹ ምስር ሲበጠር እንደሚሰማው ተንሿሹ፤ እኔም ሱቅ ውስጥ እንደቆምኩ በሐሳቤ የቻይናዋ ከተማ ጓንዡ ገባሁ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታላቅ እህት። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ነበረን፤ ፒያሳ ደግሞ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ሱቅ። ለልብስ ሰፊዎች ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ክርና ገበር እንሸጥ ነበር። ስጠራት እትዬ ነው የምላት፤ እንደ እናት ስላሳደገችኝ ግን አንቱ ብያት አላውቅም።

አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቻይና ግን ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሳለች። በካልኩሌተርና በጣቶቿ ተከራክራ ገዝታ ትመለሳለች። በመጣች ቁጥር ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ እጠይቃታለሁ።

«ምን አየሽ እትዬ?»

«ቁልፍ።»

«ሌላስ?»

«ዚፕ።»

በዚህ ያበቃል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ፣ እንግሊዝኛውን ከካርቶን ጽሑፍና ከስድስት ኪሎ ከገዛሁት አሮጌ መዝገበ ቃላት የለቃቀምኩ ልጅ፣ ሌሊት ሌሊት ቻይናን በሐሳቤ ስገነባ አድር ነበር። እሷ ግን ዘጠኝ ጊዜ ሄዳ ገበያውንና የሆቴሉን አልጋ ብቻ አይታ መጣች።

በአሥረኛው ጉዞዋ ወገቧን አመማትና ዕቃ የሚይዝላት ሰው አስፈለጋት። «አንድ ጊዜ ልሞክርሽ» አለችኝ። «ከበረታሽ ከእንግዲህ አብረን ነው የምንሄደው። ካልበረታሽ ባንኮኒሽ ይጠብቅሻል።»

ነሐሴ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስንወጣ አየሩ ከፈላ ድስት ክዳን ሲነሳ እንደሚወጣው እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ገበያ ለገበያ ዞርን። አምስት ፎቅ ሙሉ የልብስ ቁልፍ ብቻ አስቡት። እኔ ቁልፍ ማለት ክብ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እዚያ ግን የዓሣ ቅርጽ ያለው፣ የእንጆሪ ቅርጽ ያለው፣ በብርሃን ሲያዩት ቀለሙን የሚለዋውጥ አየሁ። ፍልሰታን ስለያዝን ማታ ማታ ከቤት ያመጣነውን በሶ በሆቴሉ ብርጭቆ በጥብጠን ጠጥተን እንተኛለን። በመስኮቱ በኩል የማላየው ከተማ ሲያጓራ ይሰማኛል።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሥራው አለቀ። ዕቃው በማዳበሪያ ጆንያ ታስሮ ሆቴሉ በር ላይ ተቀመጠ። ወደ አገር ቤት የሚልክልን የካርጎ ሰው ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት መጥቶ ይወስደዋል፣ እኛ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት እንበርራለን። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ምንም ሥራ የለንም። አክስቴ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ጋደም አለች።

«እትዬ፣ እንውጣ።»

«የት?»

«ከተማውን እንይ።»

«ከተማ ለማየትማ ፒያሳም አለልሽ።»

«ፒያሳን አይቻታለሁ።»

«ጨርሰሻታል?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። አየችኝና እሷም ጫማዋን በእግሯ ፈለገች።

«ስሚኝ። የካርጎው ሰው በሰዓቱ ካላገኘን ጥሎን ይሄዳል። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ሰፊዎቹ ዩኒፎርሙን ያለ ቁልፍ ምን ያደርጉታል? እኔ የሚጻፈውን አላነብም። መንገዱን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ካስረፈድሽኝ ሁለተኛ አብረሽኝ አትመጪም።»

«በእኔ ጣይው።»

ስንወጣ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ የሆቴሉ አድራሻ የተጻፈበት ካርድ ዘረጋችልኝ። ፈገግ ብዬ ካርዱን መለስኩላት። ካርድ የሚይዝ እንግዳ ነው ብዬ። እኔ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነኝ፣ መንገድ በዓይኔ ነው የምይዘው።

እኛ ሰፈር መንገድ ሲነገር የቤት ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረም። «ሊስትሮዎቹን እለፊ፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ጋ ታጠፊ፣ ቮልሱን ስታዪ ጥሪኝ» ነው። ቮልሱ ማለት ጎማ የሌላት ሰማያዊ መኪና ነበረች፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ቆማ፣ ውስጧ ዶሮ እየታቀፈባት። የታክሲ ረዳት ሳይቀር «ቮልሱ ጋ ወራጅ አለ?» ይል ነበር። እኛ ዘንድ የቆመ መኪና ቆመ ነው።

ስለዚህ ምልክቶቼን ያዝኩ። ከሆቴሉ ወጥቶ ሸንኮራ የምትሸጠዋ ሴትዮ ጋ ወደ ቀኝ። ቀይ ብርድ ልብስ የተሰጣበት ሰገነት ሥር ቀጥ ብሎ ማለፍ። ቢጫው የጭነት መኪና ጋ ወደ ግራ፣ ከዚያ ባቡር ጣቢያው። መኪናው አቧራ ለብሶ፣ ድመት ኮፈኑ ላይ ተኝታበት ነበር። ከዚህ የተሻለ ምልክት ከየት ይመጣል?

ጣቢያው ጋ ደረጃው ራሱ ወደ ታች ይሄዳል። አክስቴ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ወረደች።

«መሬት ውስጥ ልንገባ ነው?»

«አዎ።»

«በሕይወታችን?»

ባቡሩ ሲነሳ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ሁለተኛው ጣቢያ ላይ አንዱን ከፈተችው። አራተኛው ላይ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ፣ ከጨለማው በቀር ምንም በማይታይበት ዋሻ ውስጥ፣ «አየሽ? አየሽ?» ትለኝ ጀመር። እኔም ምኑን እንደሆነ ሳላውቅ «አየሁ» እላታለሁ። ሁለታችንም ሳቅን። ሱቅ ውስጥ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ከባቡሩ ወርደን የገባንበት መናፈሻ ውስጥ ሥሩን ከቅርንጫፉ እንደ ጢም ያወረደ ዋርካ ነበር። ከሥሩ አሮጊትና ሽማግሌ ተሰልፈው በድምፅ ማጉያ በሚወጣ ዘፈን እየጨፈሩ ነው፤ ያውም በጠዋት፣ ሠርግም በዓልም ሳይኖር። አክስቴ ማን እንዳገባ ለማየት አንገቷን አሰገገች። ከእነሱ አለፍ ብሎ አንድ ሽማግሌ የመጥረጊያ ያህል ረጅም ብሩሽ ባልዲ ውስጥ እየነከረ በንጹሕ ውሃ ድንጋዩ ላይ ይጽፋል። ትልልቅ፣ የሚያምሩ ፊደሎች። ሦስተኛውን ሲጨርስ የመጀመሪያው ደርቆ ጠፍቷል።

«ለምን በቀለም አይጽፈውም?» አልኩ።

«ነገም እንዲጽፍ ነዋ» አለች አክስቴ፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

ሽማግሌው አተኩራ ስታየው አየና ብሩሹን ዘረጋላት። እጇን ወደኋላ ሰበሰበች። እንደገና ዘረጋላት። ነጠላዋን አቀበለችኝና ብሩሹን በሁለት እጇ ያዘች። ብዕር ይዛ የማታውቅ ሴት ናት፤ ፊርማዋ እንኳን የአውራ ጣቷ አሻራ ነበር። አንድ ትልቅ ክብ ሠራች። መሃሉ ላይ አራት ነጥብ አደረገች። ቁልፍ። ሽማግሌው ገባውና የራሱን ሸሚዝ ቁልፍ ይዞ እየነካካ በሳቅ ተንከተከተ፤ የቆሙት ሁሉ አጨበጨቡላት። አክስቴ ክቡ ከዳር እየደረቀ ወደ መሃል ሲጠፋ እስከ መጨረሻው ቆማ አየችው። ዛሬ እንኳን የሱቃችን ደጃፍ ሲታጠብ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ያ ክብ ይታየኛል።

ከዚያ ከተማውን በሚያቋርጠው ወንዝ ላይ መርከብ ተሳፈርን። ወንዙ ሰፊ፣ ሻይ በወተት የመሰለ፣ ናፍጣና ጭቃ የሚሸት ነው። በግራና በቀኝ ሕንጻዎቹ ፀሐይዋን እየተቀባበሉ ዓይናችን ላይ ይረጩብናል። ቆጥሬ ቆጥሬ ፎቆቹ ሲምታቱብኝ ተውኩት። ከሁሉም በላይ አንድ ግንብ፣ ላዩና ታቹ ሰፊ ሆኖ ወገቡ ላይ እጅግ የቀጠነ፣ ደመናውን ሊነካ ደርሷል።

«ወገቧን እያት» አለች አክስቴ። «እሷም ፍልሰታን ይዛለች።»

ነፋሱ ነጠላዋን ሲያራግበው የመርከቡን ብረት ይዛ ቆማ ነበር። እንደሰው ሁሉ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ብለምናት እምቢ አለች። «ዘጠኝ ጊዜ ስመጣ ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?» አለችኝ፤ እኔ መልሱን የማውቅ ይመስል።

በመልሳችን ከባቡሩ ስንወጣ አሥር ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ገና ብዙ ጊዜ አለን ብዬ እየዘመርኩ ነበር። ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ወደ ቢጫው መኪና ታጠፍኩ፤ ቢጫ መኪና የለም። የቆመበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታና ደረቅ መሬት አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል፤ ያው ደረቁም ዓይኔ እያየ ይረጥባል።

«ቢጫው መኪናሽስ?» አለች አክስቴ።

«እዚህ ነበር።»

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«መኪና እኮ ይሄዳል፣ የኔ እናት።»

በግምት አንዱን ጠባብ መንገድ ይዤ ገባሁ። ቀይ ብርድ ልብስ የለም፤ ዝናቡን ፈርተው አስገብተውታል። ሸንኮራ ሻጯም የለችም፤ ወይ ሄዳለች ወይ ሌላ መንገድ ነው። ሰገነቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። ፒያሳ የጠፋው ሰው ሽቅብ ከወጣ ጊዮርጊስ ይደርሳል፤ እኔም ሽቅብ ፈለግሁ። ጓንዡ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው። ሽቅብ የለውም። የአክስቴን ሰዓት አየሁና እንባዬ መጣ። ዕቃውም፣ ዩኒፎርሙም፣ የእኔም ነገር አለቀለት።

«የዶሮ ማነቂያ አራዳ» አለች አክስቴ፣ «ጓንዡ ላይ ፋራ ሆነች።» ሳትቆጣ ነው ያለችው። ከዚያ እጇን አነሳች። «ዝም በይ። ስሚ።»

«ምኑን?»

«መኪና።»

የልብስ ስፌት መኪና ነበር። ድምፁን ተከትለን ሄድን። ከመንገዱ መታጠፊያ፣ ትልቅ ጃንጥላ ሥር፣ አንዲት በአክስቴ ዕድሜ ያለች ሴት የሱሪ ጫፍ ትሰፋለች። አክስቴ ቦርሳዋን ከፍታ ሁልጊዜ ለናሙና የምትይዘውን ሰማያዊ የዩኒፎርም ቁልፍ አወጣችና መዳፏ ላይ አስቀምጣ ዘረጋችላት።

ሰፊዋ ቁልፉን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ጥርሷን ሁለቴ መታ መታ አደረገችበት። ልክ አክስቴ ደህናውን ፕላስቲክ ከርካሹ እንደምትለይበት። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሰፊዋ በቻይንኛ አንድ ነገር ብላ ጣቷን ወደ አንድ አቅጣጫ ቀሰረች።

«አዎ፣ ከዚያው ነው የገዛነው» አለቻት አክስቴ በአማርኛ። «አድርሽን እስቲ እህቴ፣ ይህች ልጅ አጥፍታኛለች።» ክንዷንም በሰፊዋ ክንድ አቆላለፈች።

ሰፊዋ መኪናዋን በላስቲክ ሸፈነች፣ ጃንጥላውን ነቅላ ከአክስቴ በላይ ያዘች፣ መንገድ ተጀመረ። እኔ ከኋላቸው ዝናብ እየመታኝ ስከተል እነሱ አንዷ በቻይንኛ፣ አንዷ በአማርኛ ያወራሉ። ሦስት ጊዜ ታጠፍን፤ አምስት ፎቁ የቁልፍ ገበያ ፊት ለፊታችን ብቅ አለ። አክስቴ ሰማያዊዋን ቁልፍ ሰፊዋ መዳፍ ላይ ትታ ጣቶቿን አጠፈችላት። «ከዚህ በኋላ እኔ እመራለሁ» አለችኝና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሮጠች። ዘጠኝ ጊዜ የተመላለሰ እግር ነው፣ የወገቧንም ሕመም ረሳው።

አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። የካርጎው ሰው የሌሎችን ዕቃ ጋሪው ላይ ጭኖ ሊገፋ ሲል ደረስን። አክስቴ የጋሪውን እጀታ ያዘችና እያለከለከች ቆመች። ሰውየው ሰዓቱን አሳያት። አልለቀቀችም። ነጠላዋን፣ ጭቃ የነካ ጫማዋን፣ ከኋላ ውሃ የማንጠባጥበውን እኔን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የእኛን ማዳበሪያ አነሳ።

ማታ በሶውን ስበጠብጥ ቀና ብዬ አላየኋትም። ፍርዴን እየጠበቅሁ ነበር።

«ምልክት ስትይዢ የማይነሳ ነገር ያዢ» አለችኝ።

«እሺ።»

«በሚቀጥለው ስንመጣ መጀመሪያ ወንዙን ነው የምናየው። ገበያው የትም አይሄድም።»

ስንመጣ ነው ያለችው። ብርጭቆውን ይዤ በደስታ እንዳልጮህ ከንፈሬን ነከስኩ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ አብረን ሄድን፤ ስድስቱንም መጀመሪያ ወንዙን አየን። ሰፊዋን ግን ብንፈልጋት አጣናት፤ መንገዱ ፈርሶ ሕንጻ ቆሞበታል።

የእኛም ሰፈር ተራው ደረሰ። ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ቮልሷ በክሬን ተነስታ ሄደች፤ የሚያንጠባጥበው ቧንቧም፣ የቤታችን በርም። ሱቁን ሌላ ቦታ እኔ ይዤዋለሁ፤ አክስቴ ጉልበቷ ከድቷት ቤት ውላለች። ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም የገባን ዕለት፣ ዕቃችን ደረጃው ሥር ተቆልሎ፣ ወደ ላይ ላውጣሽ ስላት እምቢ አለች።

«መጀመሪያ እንየው» አለችና ክንዴን ይዛ በከዘራዋ ግቢውን ዞረች። «እዚህ የማይነሳው የቱ ነው?»

ግቢው በር ላይ ያለውን ሱቅ አሳየኋት። አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። የታክሲ መቆሚያውን አሳየኋት። አልፋው ሄደች። ከሕንጻዎቹ መሃል፣ ከሩቅ፣ የረር ተራራ ይታይ ነበር። እሱን ጠቆምኳት።

ትንሽ አየችው። ከዚያ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣች፣ ዕቃው ገና ሳይገባ ወንበሯን አስመጣች፣ መስኮቱን ከፍታ በተራራው በኩል ዞራ ተቀመጠች።