የማቴዎስ እናት የጠየቁኝ

ባለፈው ወር ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ዋናው መንገድ ለቧንቧ ሥራ ተቆፍሮ ስለነበር ባጃጁ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ለውስጥ ይዞኝ ገባ። ሾፌሩ ጭቃውን እየሸሸ ወዲያ ወዲህ ሲጠመዝዝ ድንገት የማውቀው ጥግ ላይ ደረስን። «እዚህ ጋ አቁምልኝ» አልኩት። የቆርቆሮ አጥሩ የለም። ከአጥሩ በላይ ይታይ የነበረው የአቮካዶ ዛፍም የለም። በቦታው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ከሥሩ ሞባይል መሸጫና የሴቶች ፀጉር ቤት ተከፍቶበታል። ሾፌሩ ቸኩሎ ስለነበር ብዙ አልቆየሁም። ቀኑን ሙሉ ግን ሥራዬን በቅጡ አልሠራሁም።

እዚያ ግቢ ውስጥ ዓመት ከአራት ወር ኖሬያለሁ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከወራቤ አካባቢ መጥቼ፣ በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቄ፣ መናኸሪያ አጠገብ በአንድ የግል ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩበት ጊዜ ነው። ቤት ፍለጋ ስዞር ሁለት ቦታ ሂጃቤን አይተው «ተይዟል» አሉኝ። ሦስተኛው ቤት የእትዬ አስቴር ነበር። እትዬ አስቴር ባላቸው የሞቱባቸው፣ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አንሶላና ፎጣ የሚያጥቡ የሲዳማ ሴት ናቸው። ቸርች ሳይሄዱ የሚውሉበት እሑድ የለም። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«ጸሎት ታበዣለሽ?» አሉኝ።

«በቀን አምስት ጊዜ።»

«ጥሩ ነው። የበፊቱ ተከራይ የማይጸልይ ነበር፤ አስቸገረኝ» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

በአገራችን የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ እንደሆነ የታወቀ ነው። ዓሣ ግን የማንም እርድ አይደለም። እትዬ አስቴር ይህን ከእኔ ቀድመው አስበውበት ነበር መሰለኝ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ገዝተው ይመጣሉ። እኔ ሽንኩርትና ቃሪያ እከትፋለሁ፣ እሳቸው ይጠብሳሉ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠን እሾሁን እየለቀምን ከአንድ ሳህን እንበላለን። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤት፣ ብዙ ዓሣ በልቻለሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ማቴዎስ ይባላል። በብየዳ ሥራ ይተዳደር የነበረ ወጣት ነው። እኔ ቤቱን ከመከራየቴ ጥቂት ወራት በፊት በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ወጥቷል፤ ሐሳቡ ባሕሩን መሻገር ነበር። ፊቱን የማውቀው ሳሎን ከተሰቀለው ፎቶ ነው። ድምፁን ደግሞ ከእናቱ ስልክ። አንድ ቀን ሲደውል ከእኔ ጋር አገናኙት።

«እህቴ፣ ዓረብኛ ታውቂያለሽ አሉኝ። እስቲ ትንሽ አስተምሪኝ።»

«እኔ የማውቀው የጸሎቱን እንጂ የገበያውን አይደለም» አልኩት።

«ግድ የለም፣ ያለሽን ስጪኝ።»

«አሰላሙ ዓለይኩም» የሚለውን፣ ምን ማለት እንደሆነና እንዴት እንደሚመለስ ነገርኩት። ሁለት ሦስት ጊዜ እየሳቀ ደጋገመው። እናቱም ሳቁ። ሌላም ነገር ላስተምረው እችል ነበር፤ ግን የሰውን የፕሮቴስታንት ልጅ የኛን ቃል ማስጠናት ነውር መሰለኝና ተውኩት። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሳያቋርጥ በሚወርድበት ሳምንት፣ ከማቴዎስ ጋር የተጓዘ አንድ የአለታ ወንዶ ልጅ ደወለ። በረሃው ላይ የታጠቁ ሰዎች መኪናቸውን አስቁመው ሁሉንም አወረዷቸው። ሙስሊም መሆናቸውን የሚያሳይ የእምነት ቃል እንዲሉ አንድ በአንድ ጠየቋቸው። የቻለ ወደ አንድ ወገን ተደረገ። ማቴዎስ አላለም። የደወለው ልጅ የተረፈው አብሮት ከነበረ ኤርትራዊ ሙስሊም ሰምቶ ስለደገመ ነው። የቀረውን እያለቀሰ ነበር የተናገረው።

ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ከባድ ነው። ድንኳን ተተከለ፤ የቸርች ሰዎች መጥተው ዘመሩ። እኔ ከጓዳ ሆኜ ውሃ እቀዳለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ። አንድ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ አጠገቤ የነበሩት ሁለት ሴቶች ተነስተው ሌላ ቦታ ሄዱ። የእትዬ አስቴር ታላቅ ወንድም አቶ ዮሐንስ «ይቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች?» ሲሉ ሰማሁ። እትዬ አስቴር ቀና ብለውም አላዩ። በሲዳምኛ ብቻቸውን ያወሩ ነበር፤ ምን እንደሚሉ አልገባኝም።

ድንኳኑ ከተነሳ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከቸርች እንደተመለሱ በሬን አንኳኩ። ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። የማውቀው እስላም አንቺን ብቻ ነው።»

«ይጠይቁኝ፣ እትዬ።»

«መጽሐፋችሁ ግደሉ ይላል?»

እንደ ተከሰሰ ሰው ነበር የመለስኩት። እስልምና የሚለው ቃል ራሱ ከሰላም ጋር የተያያዘ ነው፣ እነዚያ ሙስሊም አይደሉም፣ ወንበዴዎች ናቸው አልኩ። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። አላቋረጡኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝና ቀስ ብለው፣

«እሱን ሲገድሉ ግን አንቺ ስትጸልዪ የምትጀምሪበትን ቃል ነው ያሉት ይላል የደወለው ልጅ» አሉኝ።

«ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አልኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ መናኸሪያ አቅራቢያ በምሰግድበት መስጊድ ወደሚያስተምሩ ኡስታዝ ሄድኩ። ጨዋ፣ የረጋ ሰው ነበሩ። አንድን ሰው በግፍ መግደል የሰውን ዘር ሁሉ እንደመግደል መሆኑን፣ በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ፣ የጦርነቱ አንቀጾች በወጓቸው ሰዎች ላይ የወረዱ መሆናቸውን፣ በጦርነት ጊዜ እንኳ ሴትን፣ ሽማግሌን፣ መነኩሴን መንካት ክልክል መሆኑን አንድ በአንድ አስረዱኝ። ሁሉንም በላቦራቶሪ ቅጽ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። እውነቴን ነው፣ ስመለስ እግሬ ቀሎኝ ነበር። መልስ ይዣለሁ። በልጅነት ሰው መልስ የያዘ እንደሆነ ሁሉ ነገር የሚያልቅ ይመስለዋል።

ለእትዬ አስቴር በረንዳው ላይ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከአገራቸው ተባረው ሲሰደዱ የተቀበላቸው የኛው የሐበሻው ንጉሥ፣ ክርስቲያኑ ንጉሥ መሆኑንም ጨመርኩ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ያዳምጣሉ። የሳሙና ውሃ የላጠው እጅ ነው።

«ደግ ነገር ነው» አሉ ስጨርስ። «እነዚያስ ይህን አያነቡም?»

«ያነባሉ።»

«እኛ ተቀብለናችሁ እንደነበር ያውቃሉ?»

«ሳያውቁ አይቀሩም።»

«እና?»

ወረቀቱን አጠፍኩት። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «አላውቅም፣ እትዬ። አንዱን ይዘው ሌላውን ይጥላሉ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እስካሁን ከነገርኳቸው ሁሉ ያመኑኝ ይህን ብቻ ይመስለኛል። ከዚያ፣ «ያ ልጄን በል ያሉት ቃል ምንድን ነው? እስቲ በይልኝ» አሉኝ።

«ይቅርብዎ።»

«በይልኝ፣ ልጄ።»

አልኩት። ከትንሽነቴ ጀምሮ ሳላስብ የምለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዱን ፊደል እየሰማሁ አልኩት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«እኔ እኮ ረጅም መስሎኝ ነበር» አሉ። «አልያዝልህ ብሎት መስሎኝ ነበር።»

እኔ ደግሞ በኛ ሃይማኖት ሰው ተገዶ፣ ነፍሱን ለማዳን፣ ልቡ የማያምንበትን ቃል ቢል እንደማይጠየቅበት ነገርኳቸው። ለማጽናናት ነበር። ምን ዓይነት ማጽናኛ እንደሆነ እንጃ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ፓስተራችን ልጅሽ ሰማዕት ነው፣ ደስ ይበልሽ አለኝ። እኔ ሰማዕት አልፈለግሁም። ዋሽቶ ቢመጣ ምን ነበረበት? እዚህ መጥቶ ንስሐ ይገባ ነበር።» ነጠላቸውን ሰብስበው ተጠጉኝ። «ያንን ሰላምታ አስተምረሽው አልነበር? እሱን ብሏቸው ይሆን?»

«እንጃ፣ እትዬ።»

«ብሏቸው ይሆናል። ቃል ቶሎ ነበር የሚይዘው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ አልተጠበሰም። የተኳረፍን አይደለንም፤ ስንገናኝ ደህና አደርሽ፣ ደህና አደሩ እንባባላለን። እኔ ግን በግድግዳው በኩል እንዳልሰማቸው ብዬ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን፣ በከንፈሬ ብቻ መስገድ ጀመርኩ። አቶ ዮሐንስ በየሳምንቱ እየመጡ ተከራይ እንዲቀየር ይጨቀጭቃሉ። የኔም ዘመዶች ከወራቤ እየደወሉ «እዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ? አንድ ነገር ሳይደርስብሽ ውጪ» ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚለው አንድ ነበር። መስከረም ሲጠባ ዕቃዬን ጋሪ ላይ ጫንኩ። እትዬ አስቴር በር ድረስ ሸኙኝ፤ ቅሪ ቢሉኝ ኖሮ እቀር ነበር። አላሉኝም።

ከወር በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። አንኳኳሁና ማን ነው ሲሉ ስሜን ተናገርኩ። የእግራቸው ኮቴ መጣና በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። በቆርቆሮው ቀዳዳ የነጠላቸው ጥለት ይታየኛል።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ።»

«ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ዓሣም ይዣለሁ።»

መቀርቀሪያው ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ ሰማሁ። አልሳቡትም።

«ልጄ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽኝም» አሉ። «ግን ድምፅሽን ስሰማ ያ ቃል ይመጣብኛል። ያን ቀን በይልኝ ያልኩት እኔው ነኝ። አንቺ ባትይው ኖሮ አላውቀውም ነበር። አሁን ማታም ቀንም በአንቺ ድምፅ ነው የምሰማው። እባክሽ ተመልሰሽ አትምጪ።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ዓሣውን አጥሩ ሥር አላስቀመጥኩም፤ ይዤው ተመለስኩ። መንገድ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆሻሻ ገንዳው ላይ ተኮልኩለው ነበር፤ ላስቲኩን ፈትቼ ሰጠኋቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ከሰው ሰማሁ። ለቅሶ አልሄድኩም። ማን ነሽ ብባል የምለው አልነበረኝም።

ዛሬ አርባን ልደፍን ጥቂት ቀርቶኛል፤ የምሠራው ከብዙ ዓይነት ሰው ጋር ነው። ክፉ ወሬ በተሰማ ቁጥር ከባልደረቦቼ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ ቅር እንዳይለኝ እየተጠነቀቀ፣ ያንኑ ይጠይቀኛል። ከልቡ መሆኑን ስለማውቅ አልቆጣም። ኡስታዙ ያስረዱኝን፣ እኔም በኋላ አንብቤ የጨመርኩበትን እነግረዋለሁ። አብዛኛው ሰው ፊቱ ይፈታል፣ አመስግኖኝ ይሄዳል። የምለው ሁሉ እውነት ነው፤ አምንበታለሁ። ነገር ግን የሚጠይቁኝ ማንንም የማይገድሉ ሰዎች ናቸው፤ የምመልሰውም እኔ ማንንም የማልገድል ሰው ነኝ። የሚገድሉት መጥተው ጠይቀውኝ አያውቁም። ልጇ የተገደለባት እናት ግን አንድ ጊዜ መጥታ ጠይቃኛለች፤ የነበረኝን ሁሉ ሰጥቻት፣ ይዛው የሄደችው አንዱን ቃል ብቻ ነው።