ኬሌቦኜ ቀሚሷን ያጠበበች ጊዜ

በዚያ ዘመን ሞቹዲ በሚባለው መንደር ውስጥ ቅዳሜ የቀብር ቀን ነበር። አንዱን ቀብሮ የተመለሰ ሰው የአካፋውን አፈር ሳያራግፍ ለሌላው ይጠራል። ኬሌቦኜ ገና ሃያ ዓመት ብዙም ያላለፋት ልጃገረድ ሳለች ታላቅ እኅቷ ባሬንግ ታመመች። በሽታው ኤድስ ነበር፤ ግን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። “ይሄ በሽታ” ይባላል፣ ያውም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ።

ኬሌቦኜ ልብስ ሰፊ ናትና የእኅቷን ቀሚስ በየጊዜው ታጠብብላት ነበር። ባሬንግ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ልክ እንዲሆንላት፣ ሰውም እንዳይጠቋቆምባት፣ ስፌቱን ትፈታና ጨርቁን ወደ ውስጥ አጥፋ መልሳ ትሰፋዋለች። በመጨረሻ ወደ ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ ከሚታየው በለጠ። እናታቸው ደግሞ ጠዋት ጠዋት የባሬንግን የእጅ አንጓ በአውራ ጣቷና በመሃል ጣቷ ትይዝ ነበር። አንድ ቀን ሁለቱ ጣቶች ተገናኙ። እናቲቱ እጁን ቀስ ብላ አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ከባሬንግ በኋላ ወንድማቸው ኦቴንግ በዚያው መንገድ ሄደ። አባትየው ቀደም ብሎ በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል። ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ።

ሰው እናቲቱን የሚጠራት በበኩር ልጇ ስም፣ “የባሬንግ እናት” እያለ ነበር። ልጂቱ ከሞተችም በኋላ አጠራሩ አልተቀየረም። የባሬንግ እናት ከሁለተኛው ቀብር በኋላ አንድ ሥራ ብቻ ያዘች፤ የቀረችላትን ልጅ ማብላት። የማሽላ ገንፎ በወፍራም እርጎ፣ ተቀቅሎ የተወቀጠ ሥጋ፣ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ሊጥ።

“ጠገብኩ እኮ እማዬ።”

“አንቺ ጠገብሽ፤ እኔ ገና አልጠገብኩም። ብዪ!”

ኬሌቦኜ በላች። መጀመሪያ ለእናቷ ብላ፣ ቀጥሎ ልማድ ሆኖባት፣ ኋላም ባሬንግና ኦቴንግ ትዝ ባሏት ቁጥር ሌላ የምታደርገው ስለጠፋት። ሰውነቷ ሞላ፣ ከመሙላትም አለፈ። በመንገድ ስታልፍ ሴቶቹ “መሬቱን ያዙት፣ ኬሌቦኜ መጣች!” ብለው ይስቃሉ፤ ግን ሳቁ ውስጥ ክብር ነበረበት። ያ ሁሉ ሰው እንደ ጧፍ ቀልጦ ባለቀበት አገር ወፍራም ሴት ማለት ጤነኛ ሴት ማለት ነበር። እናቲቱ አንጓዋን እየያዘች ጣቶቿ ተራርቀው ሲቀሩ ፊቷ ይበራ ነበር።

ዓመታት አለፉ። የባሬንግ እናት ዓይኗ ጠፋ። ኬሌቦኜም አርባ አምስትን ስታልፍ ጉልበቷ ከዳት፣ ስኳርም ያዛት። የስፌት መኪናዋ ዘንድ እየተጎተተች ትደርሳለች እንጂ ከግቢ መውጣት ፈተና ሆነ። ከሁሉም የከነከናት ኮረብታው ሥር ወዳለው የእኅቷና የወንድሟ መቃብር በእግሯ መሄድ አለመቻሏ ነው። ሐኪም ዘንድ በሄደች ቁጥር የምትሰማው አንድ ነገር ነበር፤ “ምግብ ላይ አፍሽን ዝጊ።”

በኋላ ግን ሆስፒታሉ አዲስ ነገር ጀመረ። ከመጠን በላይ የወፈሩ አዋቂዎችን አንድ ሐኪም ብቻውን እያየ ከሚሰድ፣ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የምግብ ባለሙያዋ፣ የእንቅስቃሴ አስተማሪውና የሥነ ልቦና ባለሙያው በአንድ ክፍል ተቀምጠው አብረው ያያሉ፣ በየወሩም ይከታተላሉ። ኬሌቦኜ ለመሰደብ ተዘጋጅታ ገባች። ነርሷ ሲስተር ፖንትሾ ግን ሰፊ ወንበር ስባ፣

“ይቀመጡ እትዬ። ምን ይሁንልኝ ይላሉ?” አለቻት።

“በእግሬ መቃብር መሄድ እፈልጋለሁ።”

ሁሉም ቀና ብለው አዩዋት። ኬሌቦኜ አፍራ፣ “ተሸክመውኝ ሳይሆን ማለቴ ነው” ስትል ሁሉም ሳቁ። ሐኪሙ ክብደቷ ከቀነሰ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና እንደሚያደርግላት ቃል ገባ።

እሷም የድርሻዋን ተወጣች። ዘይቱን ተወች፣ ከገንፎው ቀነሰች፣ ቅጠላ ቅጠሉን አበዛች፣ ወንበር ይዛ መነሣትና መቀመጥ ተለማመደች። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዘንድ ስለ ባሬንግ ስታወራ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ወራት ሲያልፉ ቀሚሷ ሰፋባት። አንድ ጠዋት ደስ እያላት ስፌቱን ፈትታ ማጥበብ ጀመረች።

እናቲቱ የስፌት መኪናውን ድምፅ ሰምታ ግድግዳውን እየዳበሰች መጣች።

“ምን እየሰፋሽ ነው?”

“ቀሚስ እያጠበብኩ ነው።”

“የማንን?”

“የደንበኛ ነው እማዬ።”

አሮጊቷ እጇን ዘርግታ ጨርቁን ዳበሰችው። “ይሄን አንገቱን እኔ ነኝ የዘመዘምኩት። ያንቺ ነው።” ጣቶቿ ወደ ውስጥ በታጠፈው ጨርቅ ላይ ሄደው ቆሙ። ከዚያ የልጇን አንጓ ያዘች። ጣቶቿ ገና አልተገናኙም፤ ግን ተቀራርበዋል። “ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለች በሹክሹክታ።

ኬሌቦኜ ሳቀች። “ኧረ አልታመምኩም! ሐኪሞቹ ናቸው ቀንሺ ያሉኝ።”

“ሐኪም ሰውን ክሳ ብሎ ያዛል?”

“አዎ፣ ዛሬ ያዛል።”

“ባሬንግም ብርድ ነው ብላኝ ነበር” አለችና እናቲቱ ተመልሳ ሄደች።

የጎረቤቱን ነገር ኬሌቦኜ ትችለው ነበር። ልብስ ሊያስለኩ የመጡ ሴቶች በጎን እያዩዋት፣ “ክኒኑን ጀመርሽ እንዴ እኅቴ? ዛሬማ መድኃኒት አለው፣ አይዞሽ” ሲሏት፣ “የጀመርኩት ጎመን ነው” ብላ ታስቃቸዋለች። የእናቷን ግን አልቻለችውም። የባሬንግ እናት ምግብ ሲቀርብላት ሳህኑን ወደ ልጇ ትገፋለች። “አንቺ ከበላሽ እበላለሁ” ትላለች። ልጅየዋ እንቢ ስትል እናቲቱም ጦሟን ታድራለች።

አንድ ቀን ኬሌቦኜ ከሆስፒታል ስትመለስ ግቢው ውስጥ ቀይ በሬ ታስሮ አገኘች። የእናቷ ወንድም ሞዲሪ አጠገቡ ቆሟል።

“አጎቴ፣ ይሄ በሬ እዚህ ምን ይሠራል?”

“በሬ ነዋ። ይግጣል።”

“ከብቶቹ ያሉበት ሣር አልቆ ነው እዚህ አሸዋ ላይ የሚግጠው?”

ሞዲሪ ባርኔጣውን አወለቀ። “እኅቴ አምጣ አለችኝ። ለሚመጣው ነገር ቅርብ ይሁን አለች።”

“ለኔ ቀብር ሊታረድ ነው?”

“አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ እንዲህ ፊት ለፊት አይጠየቅም!” አለና በሬውን በእጁ መታ መታ አደረገው። “መቼም ጥሩ በሬ ነው።”

ኬሌቦኜ ሲስተር ፖንትሾን ለምና ቤት ድረስ አመጣቻት። ነርሷ ከአሮጊቷ ፊት ተቀምጣ፣

“እማማ፣ ልጅዎ ጤነኛ ናት። ደሟም ተመርምሯል። የቀነሰችው ታክማ ነው” አለች።

“ተባረኪ ልጄ። ያኔም አንዲት ነርስ እዚሁ መጥታ የሳንባ ነቀርሳ ብቻ ነው፣ ይድናል ብላኛለች። ደግ ልጅ ነበረች። እናንተ የሰው ምሥጢር ጠባቂዎች ናችሁ፤ አልፈርድባችሁም። ውኃ ጠጪ።”

ሲስተር ፖንትሾ ውኃውን ጠጥታ ሄደች።

ኬሌቦኜ ሌላ ዘዴ ሞከረች፤ ሦስት ቀሚስ ደርባ ለበሰች። እናቷ ወገቧን ዳብሳ፣ “ልብሱ ወፍሯል” አለች። አንጓ ላይ የሚደረብ ነገር ደግሞ የለም።

ከዚያ በኋላ እናቷን ገላዋን ስታጥባት ሳታስበው ክንዷን ያዘችው። የእጇ አንጓ አልነበረም፤ ከክርኗ በላይ ያለው ክንዷ ነበር። የኬሌቦኜ ጣቶች ዙሪያውን ሄደው ተገናኙ፣ ተደራረቡም። የያዘችውን ሳሙና ጥላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከሲታ ሆና የምትሞት ሴት በእርግጥም እዚህ ቤት ውስጥ ነበረች።

በማግስቱ ሥጋ ቀቀለች፣ ሊጥ ጠበሰች፣ ገንፎውን በትልቁ ሳህን አቀረበች። “ነይ እማዬ፣ አብረን እንብላ።” እናቲቱ አንገቷን አዘንብላ የልጇን ማኘክ አዳመጠች። ብዙ አዳመጠች። ከዚያ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች።

ኬሌቦኜ በዚያ ወር ሆስፒታል አልሄደችም፤ በሚቀጥለውም። ሲስተር ፖንትሾ ስትደውል፣ “እመጣለሁ” ትላለች። ጥሪውም እየዋለ እያደረ ቀረ። ያጠበበችውን ቀሚስ ፈትታ እንደ ድሮው አደረገችው፤ እናቷም አጠገቧ ተቀምጣ መቀሱ ክሩን ሲበጥስ እየሰማች ታንጎራጉር ነበር። በሬውንም አጎቷን፣ “ውሰደው፣ አጥሬን ሊበላው ነው” ብላ ወደ መስኩ መለሰችው።

የባሬንግ እናት ሁለት ዓመት ያህል ጠግባ፣ ስቃ፣ ጎረቤቶቿን ስትነቁር ኖረች። ስትሞት በሬው ተመልሶ መጣ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሕዝቡ እየዘመረ ወደ ኮረብታው ሥር ወረደ። ኬሌቦኜ ጉልበቷ እንቢ ስላላት መንገድ ዳር በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጣ የአካፋውን ድምፅ ከሩቅ ሰማች። ሞዲሪ ከጉድጓዱ አፍ አፈር በባርኔጣው ይዞላት መጣ። በእጇ ዘግና መልሳ ባርኔጣው ውስጥ ጣለችው፤ እሱም ወስዶ በእሷ ስም አለበሰው።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ ሕክምናው ምን እንዳተረፈ ለማወቅ፣ የጨረሱትንም ያቋረጡትንም እንዲጠይቁ ሰዎች ላከ። ኬሌቦኜ ግቢ የመጣችው ወጣት ሴት ድምፅ መቅጃዋን አስቀምጣ፣ “ምን ቢደረግልዎ ኖሮ ይቀጥሉ ነበር?” አለቻት።

ኬሌቦኜ ጉልበቷን እያሸች አሰበች።

“ሁሉም ደጎች ነበሩ፤ ይሄን እንዳትረሺ። ግን ያ ክፍል ውስጥ ለእናቴ ወንበር አልነበረም። እኔ ስቀልል ቤት ውስጥ እሷ ታልቅ ነበር፤ እሷን የመዘነ የለም። ገና በመጀመሪያው ቀን ጠርታችሁ ብትነግሯት ኖሮ… አላውቅም። ያኔም ላታምናችሁ ትችላለች።”

“ይቆጭዎታል?”

“ጉልበቴን ጠይቂው፣ እሱ ይቆጨዋል። እኔማ መቃብሩ ቅርብ ሆኖ ሳላየው መቅረቴ በየቀኑ ያስለቅሰኛል። ግን ለኔ ትልቁ ነገር ምን እንደነበረ ልንገርሽ። እናቴ ሁለት ልጆች ቀብራ ለሦስተኛዋ በሬ አስራ ነበር። የሞተች ቀን አንጓዬን ይዛ ነው የሞተችው። ጣቶቿ አልተገናኙም።”