«ከተማው ደጃፋችሁ ላይ ነው» ያለን የአክስቴ ልጅ

ለወንድሜ ሚስት እንዲጠይቁ ከቆቦ ይዘናቸው የመጣናቸው ሽማግሌዎች ዛሬ አዲስ አበባ ካለው የልጅቷ ቤት በር ላይ ተመለሱ!

«ቀጠሯችን ጠዋት ነበር፤ የጠራኋቸው ሰዎች ሄደዋል» አሉን አባቷ። ሽማግሌዎቻችን አንገታቸውን ደፉ።

ያዋረደን እዚሁ አዲስ አበባ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። «ሚኒባሳችሁን አቁማችሁ፣ ድንኳን ዘርግታችሁ የምታድሩበት ግቢ አግኝቻለሁ። ከተማው ደጃፋችሁ ላይ ነው» ብሎን ነበር።

የምን ደጃፍ! ከዚያ ግቢ ተነስተን ከተማ እስክንገባ ድረስ፣ ከቆቦ ጎረቤታችን ሮቢት ከተማ ደርሰን በተመለስን ነበር።

(እኛም ለመንገደኛ «እቺው ናት፣ ደርሰሃል» እያልን ስንቱን በፀሐይ አንከራትተናል። ግፉ ይሆናል።)

አሁን ደውሎ፣ «አይዟችሁ፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ከዚህም የሚቀርብ አግኝቻለሁ» አይለኝም!

እናንተንስ «ቅርብ ነው» ብሎ ጉድ የሠራችሁ ዘመድ አለ? የት እንዳሳደራችሁ ጻፉልኝ፤ የሚቀጥለው እዚያ እንዳይሆን።